ትናንት የት ቆሙ?

«ስልኩን አምጪልኝ አልኩሽ!»

«ጋሽ መኩሪያ፣ ስልኩ ምን ያደርግልናል? እኔም እርስዎም አማርኛ ነው የምናወራው።»

«እሱን ያኔ ማሰብ ነበረብሽ። እኔ ካንቺ ጋር የማወራው በአስተርጓሚ ነው። ያቺን ልጅ ኮል አድርጊልኝ።»

«የትኛዋን ልጅ? በየጊዜው የሚያነሳው ሌላ ሰው ነው እኮ።»

«ማንም ትሁን! ቢያንስ እሷ ሰኞ አፌን ሰምታ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ፊቴን አታየውም።»

ጋሽ መኩሪያ ከፍ ያለው የሕመምተኛ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የግራ ጫማቸውን አውልቀዋል፤ ካልሲውን ግን አላወለቁም። አዲሱ ጫማቸው ከነሣጥኑ ጠረጴዛው ላይ ነው። ከወዲያኛው ክፍል ዶክተር ኖዳ ካርቶን ሲያሽጉ የፕላስተሩ ድምፅ ይሰማል። እኔ ሁለት ገጽ ወረቀት ይዤ መሀል ቆሜያለሁ።

«ደሞ እሱ ወረቀት ምንድን ነው?»

«እሱን ልነግርዎ ነው እኮ። የትምህርት ቤት ማመልከቻ ነው፤ የእግር ሐኪም ለመሆን። ስለ እርስዎ ጣት ጽፌበታለሁ። ስምዎ የለበትም፤ ግን ሳልጠይቅዎ አልልከውም።»

ጋሽ መኩሪያ ምስክር ፈልገው ዙሪያቸውን አዩ። መደርደሪያው ላይ ከቆመው የፕላስቲክ የእግር አጽም በቀር ማንም አልነበረም። ለእሱ ተናገሩ።

«ትሰማለህ? የኔ ጣት ተቆርጣ እሷ ዶክተር ልትሆንባት!»

ይህ የሆነው ክሊኒካችን በተዘጋበት ሰኞ ነው። ጡረታ የወጡት ዶክተር ኖዳ ሆነው ሳለ የሥራ ዘመን ትዝታ የምጽፈው እኔ ነኝ። ግራ የገባው ነገር ከዚህ ይጀምራል። ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላኝም። ሰው ትዝታውን የሚጽፈው ምን ሲሠራ እንደኖረ ስለሚያውቅ ይመስለኝ ነበር። እኔ የምጽፈው ባለማወቄ ነው። ማመልከቻው «ለምን እግር?» ብሎ ይጠይቃል። በእንግሊዝኛ የጻፍኳቸው መልሶች ሁሉ የሌላ ሰው መልሶች ይመስላሉ። ስለዚህ በማውቀው ቋንቋ፣ ከመጀመሪያው ልጀምር።

የመጀመሪያ ሥራዬ ኤርፖርት ዊልቸር መግፋት ነበር። ሲያትል በገባሁ በጥቂት ወር ውስጥ ነው የተቀጠርኩት። ደሞዙ ትንሽ፣ ቲፑም እንደ ሰዉ ፊት ነው። አለቃችን በሬዲዮ ካልጮኸ ሥራ የሠራ የማይመስለው ሰው ነበር። ዊልቸር የሚገፋ ሰው ፊት አያይም። ከላይ አናት ያያል፣ ከታች እግር ያያል፤ በመሀሉ ያለው ሰው ለሌሎች ነው። እኔ ያን ጊዜ ግጥም በጭንቅላቴ እየጻፍኩ ስለምሄድ ፊት አለማየቱ ተስማምቶኝ ነበር። ከሀገር ቤት የሚመጡ እናቶች ለመንገዱ የተገዛ አዲስ ጫማ ያደርጋሉ። አውሮፕላኑ ውስጥ እግራቸው ስለሚያብጥ ተረከዙን ረግጠው እንደ ነጠላ ጫማ ይይዙትና በነጠላቸው ጫፍ ይሸፍኑታል። ልጆቻቸው በር ላይ አበባ ይዘው ፊታቸውን ሲያዩ እኔ ያንን የተረገጠ ተረከዝ አያለሁ።

አንድ ቀን አንድ አዛውንት እየገፋሁ ሳለ አንድ እግራቸው ከማሳረፊያው ወርዶ መሬት ላይ ይጎተት ጀመር። ጫማው ወለሉ ላይ ሲፋቅ ሰምቼ ደንግጬ ቆምኩ። ሰውየው ዞር ብለው በትሕትና «ደረስን?» አሉኝ። እግራቸው ሲጎተት አልሰሙትም ነበር። አንስቼ መለስኩላቸው፤ ሳነሳውም አልሰሙትም። ያን ቀን ስለዚህ ነገር አራት ስንኝ ጻፍኩ። ሦስቱ መጥፎ ስለነበሩ ሰረዝኳቸው። አራተኛው «ደረስን?» የሚለው የራሳቸው ቃል ነበር።

ቀጥዬ ማውንትሌክ ቴራስ በምትባል ከተማ እትዬ የሺ ቤት ገባሁ። እትዬ የሺ በመኖሪያ ቤታቸው አረጋውያን የሚጦሩ፣ ሥራቸውን የሚያውቁ፣ ቁጣቸው የሚቀድም ሴት ናቸው። ማንሳት፣ ማጠብ፣ ማልበስ፣ መድኃኒት ማስታወስን እዚያ ተማርኩ። አንድ ነገር ግን ተከለከልኩ።

«የስኳር ሕመምተኛ ጥፍር እንዳትቆርጪ» አሉኝ ገና በገባሁበት ቀን። «ጥፍር ነካሽ ማለት ላይሰንሴን ነካሽ ማለት ነው። ላይሰንሴን የነካ ደግሞ እዚህ ቤት አያድርም።»

ጥፍሩን የሚቆርጡት በየተወሰነ ጊዜ የሚመጡ የእግር ሐኪም ነበሩ፤ ዶክተር ኖዳ። የጃፓን ዘር ያላቸው አጭር ሴት ናቸው፣ ፀጉራቸው ነጭ ነው፣ አንድ ቦርሳና አንድ ትንሽ በርጩማ ይዘው ይመጣሉ። መጀመሪያ ያስገረመኝ በርጩማው ነው። ከሕመምተኛው ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ፤ ቀና ብለው ነው የሚያናግሩት። እጃቸውን ሳያሞቁ እግር አይነኩም። ሕመምተኛው «የሚያመኝ ቀኙ ነው» ቢልም ሁለቱንም ጫማ ያስወልቁታል። ከእግሩ በፊት ደግሞ ጫማውን ያያሉ። ሶሉ በየት በኩል እንዳለቀ ካዩ በኋላ እጃቸውን እስከ አንጓቸው ጫማው ውስጥ ከተው ቀስ ብለው ይዳስሳሉ። ጠጠር፣ የታጠፈ ሶል፣ የወጣ ስፌት ይፈልጋሉ። «የማይሰማ እግር ጠጠሩን ለሳምንት ይሸከመዋል፤ ስለዚህ ስለ እሱ የሚሰማለት እጅ ያስፈልገዋል» አሉኝ አንድ ቀን። እኔ አጠገባቸው ፎጣ ይዤ ቆሜ ነበር።

«ስታዪ አፍሽን ትከፍቻለሽ» አሉኝ ደግሞ። «ረዳት እፈልጋለሁ። አፉን ከፍቶ የሚያይ ሰው እወዳለሁ።»

እትዬ የሺ መልቀቄን ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ።

«ነርስነት እያለ? ከሰው አካል መርጠሽ መርጠሽ እግር? ቤዛ፣ ልጄ፣ ሰው የሚያድገው ወደ ላይ ነው።»

 ማመልከቻው የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ እትዬ የሺ ያፈጠጡት በዓይናቸው መሆኑ ብቻ ነው።

የዶክተር ኖዳ ክሊኒክ ሬንተን ውስጥ ነበር። በአንድ ወገኑ የጥፍር ሳሎን፣ በሌላው ታክስ የሚሠራ ቢሮ አለ። ከከተማው የአውሮፕላን ፋብሪካ ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚውሉ ሰዎች ይመጣሉ። ኦበርን ከሚገኙት መጋዘኖች ደግሞ አፍንጫው ብረት የሆነ ጫማ ያደረጉ ወጣቶች ይመጣሉ፤ የትንሿ ጣታቸው ጥፍር ጠቁሯል። ብዙ ሥራ ተማርኩ። የደረቀ ቆዳ በምላጭ ሲነሳ ምላጩ ተኝቶ እንጂ ቆሞ አይሄድም፤ በትክክል ሲሄድ ድምፁ ደረቅ ቅጠል በጣት እንደመሰባበር ነው። በቀጭኗ የናይለን ክር የእግርን መዳፍ ነካ አድርጎ፣ ሕመምተኛው ዓይኑን ጨፍኖ «አሁን» እስኪል መጠበቅ አለ። አንዳንዱ ከመነካቱ በፊት «አሁን» ይላል። ዶክተር ኖዳ እንዲህ ያለውን ሰው አያርሙትም። «እግሩ የሚሰማው እንዲመስለን ስለፈለገ ነው» ይላሉ። አዲስ ጫማ የተሠራለት ማንም ሰው ደግሞ በፊታቸው ወዲህና ወዲያ ሳይራመድበት፣ አውልቆም የቀላ ቦታ መኖሩ ሳይታይ፣ ከክሊኒኩ አይወጣም።

ከሁሉ የያዝኩት ግን ጥያቄያቸውን ነው። «ያዘዝኩልዎን ቡት ያደርጋሉ ወይ?» ብለው አይጠይቁም። እንዲህ ተብሎ የተጠየቀ ሰው ሁሉ «አዎ» ይላል። የሚጠይቁት ስለ ትናንት ነው። ትናንት ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ እግርዎ መጀመሪያ ምን ነካ? ትናንት ቆሻሻ ሊጥሉ ሲወጡ ምን አድርገው ነበር? ሰው ስለ ሁልጊዜ ይዋሻል፤ ስለ ትናንት መዋሸት ግን ይከብደዋል።

የእግር ሐኪም መሆን የፈለግሁት እዚያ ነው፤ ወይም እዚያ መሰለኝ። ትምህርት ቤቱ እዚህ ስቴት ውስጥ ስለሌለ ከተማ ለቅቆ መሄድ አለ። ማታ ማታ ኬሚስትሪ ተማርኩ፣ ፈተናውን ወሰድኩ፣ ደግሜ ወሰድኩ። ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ቀረኝ፤ ስለ ራሴ የምጽፈው ጽሑፍና ከእግር ሐኪም የሚጻፍልኝ የድጋፍ ደብዳቤ። ያለ ደብዳቤው ማመልከቻዬን የሚያይ የለም። ደብዳቤውን ሊጽፉልኝ የሚችሉት ዶክተር ኖዳ ብቻ ናቸው።

አሁን ወደ ጋሽ መኩሪያ ልመለስ።

ጋሽ መኩሪያ ለዓመታት ታክሲ ነድተዋል፤ አሁንም መኪናቸውን እንደ ልጃቸው ያጥባሉ። ስኳር አለባቸው። ወደ እኛ የመጡት በግራ እግራቸው፣ ከአውራ ጣታቸው ሥር መሬት በምትረግጠው ቦታ ላይ፣ ክብ ቁስል ይዘው ነው። አያማቸውም፤ አደጋውም አለማመሙ ነው። ዶክተር ኖዳ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቡት ሰጧቸው። ቡቱ ክብደቱን ከቁስሉ ላይ ያነሳል። «በቆሙ ቁጥር ያድርጉት» ተባሉ። እኔ ተረጎምኩ። ጋሽ መኩሪያ እንግሊዝኛ አያጡም። «ለተሳፋሪና ለዝናብ የሚሆን እንግሊዝኛ አለኝ፤ ለእግሬ የሚሆን የለኝም» ብለው ስቀው ነበር። ያኔ እኔንም «የኔ አፍ» ነበር የሚሉኝ።

ቁስሉ ግን ግራ አጋባን። ሐሙስ የመጡ እንደሆነ ቀይና ጤነኛ፣ ከጠርዙ እየጠበበ ይሆናል። ሰኞ የመጡ እንደሆነ ጠርዙ ነጭ ሆኖ ወደ ኋላ ተመልሷል። ዶክተር ኖዳ ጫማቸውን ዳሰሱ፣ ቡቱን ገልብጠው አዩ፣ የስኳራቸውን መጠን ጠየቁ። ምንም አላገኙም።

እኔ ያገኘሁት ሳልፈልግ ነው። ቤተ ክርስቲያን የማዘወትር ሰው አይደለሁም። ለጓደኛዬ ልጅ ክርስትና ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ቀድሞ የቤት ዕቃ መሸጫ የነበረ ሰፊ አዳራሽ ነው፤ ቅጽሩም ፓርኪንግ ሎት ነው። በሩ ላይ የጫማ መደርደሪያ አለ። በስኒከሮችና በሴቶች ጫማዎች መሀል ያ ቡት ቀጥ ብሎ ቆሟል። ማሰሪያዎቹ አንድ በአንድ ተዘግተዋል፤ ውስጡ እግር ያለ ይመስላል። ወደ ውስጥ ስገባ ጋሽ መኩሪያ በነጭ ካልሲ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ከፊት ቆመዋል። ቅዳሴው ገና መጀመሩ ነበር። ዓይናችን ተገናኘ፤ እጅ ነሳሁ፤ እጅ ነሱኝ።

በማግስቱ ዶክተር ኖዳ ያንኑ ጥያቄያቸውን ጠየቁ። «ትናንት ሲቆሙ እግርዎ ላይ ምን ነበር?» ተረጎምኩ።

ጋሽ መኩሪያ ወደ ሐኪሟ ሳይሆን ወደ እኔ አዩ።

«አይተሽኛል አይደል? አውልቄ ነው የምገባው። ምን ላድርግ፣ ጫማ አድርጌ ልግባ? ይህችን ግን አትተርጉሚ፤ በናትሽ።»

«ምን አለ?» አሉ ዶክተር ኖዳ።

ማስተርጎም ስንማር የተነገረን አንድ ሕግ ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ የተነገረ ሁሉ ይተረጎማል። ተረጎምኩ። «ይህችን አትተርጉሚ» ያሉትንም ጭምር ተረጎምኩ። በእንግሊዝኛ ስትነገር የልጅ ልመና መሰለች። ዶክተር ኖዳ አልሳቁም። ጋሽ መኩሪያ ለተሳፋሪ በሚበቃው እንግሊዝኛቸው ሁሉንም ሰሙ። ከዚያ በኋላ መስኮቱን ብቻ ያዩ ነበር።

ዶክተር ኖዳ የማይወልቅ ጀሶ አደረጉላቸው። እንዲህ ላለ ቁስል ከቡቱም ይበልጣል፤ ደግሞ በር ላይ አይቀርም። እንዳይረጥብ፣ ሲታጠቡ በፌስታል እንዲሸፍኑት፣ ጀሶው ሲወልቅም ዳግመኛ በባዶ እግራቸው እንዳይቆሙ፣ በሳምንቱ እንዲመለሱ ተነገራቸው። ሁሉንም ተረጎምኩ። አንድም ቃል አላጎደልኩም።

በሳምንቱ አልመጡም። ልጃቸው ሄለን ደውላ «ሂ ኢዝ ፋይን፣ ኔክስት ዊክ ይመጣል» አለች። ሲመጡ ጀሶው ከውጭ ደርቆ ጠንክሯል። ዶክተር ኖዳ በመጋዙ ሲከፍቱት መጀመሪያ ሽታው መጣ። የውስጡ ጥጥ ውኃ የመጠጠ ስፖንጅ ነበር። ቆዳው ነጥቶ ተልጧል፤ ቁስሉ አጥንት ደርሷል። ዶክተር ኖዳ መጋዙን አስቀመጡና ወዲያውኑ ሆስፒታል ደወሉ። አውራ ጣታቸው በዚያው ሳምንት ተቆረጠ።

የሆነውን የነገረችን ሄለን ናት። ጀሶውን ማውለቅ ስላልቻሉ እንደ ጫማ ቆጠሩት። እንደ ጫማ ስለቆጠሩት ወደ ውስጥ አልገቡም። ቅዳሴውን ሙሉ ፓርኪንግ ሎቱ ላይ፣ በመኪኖች መሀል፣ ዝናብ እየዘነበባቸው ቆሙ። በሳምንቱ መሀል የዋለው በዓልም እንዲሁ ሆነ። ለምን ፌስታል አላደረጉም ስንል «ፌስታል አጥልቄ እግዚአብሔር ፊት?» ብለዋታል። መርጠቡ ሲያሳፍራቸው ቀጠሮውን አራዘሙ፤ እግራቸውን የመኪናቸው ማሞቂያ ሥር አድርገው አደረቁት። የደረቀው ግን ከላይ ነው።

ዶክተር ኖዳ ይህን ሲሰሙ በርጩማቸው ላይ ቁጭ አሉ፤ ፊት ለፊታቸው ሕመምተኛ አልነበረም።

«እኔም ቤቴ በር ላይ ጫማዬን አወልቃለሁ» አሉ። «እናቴም፣ የእናቴም እናት። ትናንት ምን አድርገህ ነበር ብዬ ጠየቅኩ። የት ቆምክ ብዬ አልጠየቅኩም።»

እኔስ? ጫማ ያላወለቀ ሰው ውጭ እንደሚቆም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ግን ማወቄን ማን ጠየቀው? ባልተረጉም ኖሮ ቡቱን እያወለቁ ይቀጥሉ ነበር፤ ምናልባትም ጣታቸው ቀስ ብላ ትሄድ ነበር። ተረጎምኩና ፈጥና ሄደች። ይህን ነገር በየትኛውም በኩል ይዤ ባነሳው በሌላው በኩል ይፈስብኛል።

ጋሽ መኩሪያ ከሆስፒታል ወጥተው ሲመለሱ የስልክ አስተርጓሚ ጠየቁ። መብታቸው ነው። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፤ እሳቸው ለስልኩ በአማርኛ ይናገራሉ፤ እኔ እዚያው አጠገባቸው ፋሻ እየቆረጥኩ እሰማለሁ። መጀመሪያ ከማያውቋት አስተርጓሚ ጋር ስለ ጤናዋ፣ ስለ ልጆቿ፣ ስለምትኖርበት ከተማ ብርድ ይጠያየቃሉ። ዶክተር ኖዳ «ምን እያሉ ነው?» ይሉኛል። «ሰላምታ ነው» እላለሁ። ከዚያ ጋሽ መኩሪያ ለስልኩ «ያቺን ልጅ ፋሻውን አታጥብቂው ብላ ዶክተሯ ትንገርልኝ» ይላሉ። መልእክቱ በስልክ ዞሮ፣ በእንግሊዝኛ ወደ ዶክተሯ፣ ከዶክተሯ ወደ እኔ እስኪደርስ እኔ ፋሻውን አላልቼ ጨርሻለሁ። እሳቸውም ሲላላ እያዩ ትርጉሙን ይጠብቃሉ።

ማመልከቻው ስለ አንድ ውድቀት ጻፊ ይላል። ሌላ ውድቀት የለኝም ማለቴ አይደለም፤ ግን ስጽፍ የሚመጣው ይኸው ጣት ነው። የኮሌጁ አማካሪ አንብባ «ይሄ ወርቅ ነው፤ ግን ጀግናዋ የት አለች?» አለችኝ። አብሮኝ ኬሚስትሪ የተማረው ልጅ «ሶ፣ ጥፋትሽ መተርጎምሽ ነው ወይስ ሌላውን ሳትናገሪ መቅረትሽ? ምረጪ፤ ሁለቱንም አትችይም» አለኝ። እትዬ የሺ በስልክ ሰምተው «ስለ እግዚአብሔር ቸርነት ጻፊና ተገላገይ» አሉኝ። እኔ ደግሞ አንዱን አጥፍቼ ሌላውን ስጽፍ ከረምኩ።

ዶክተር ኖዳ አነበቡትና መለሱልኝ።

«ደብዳቤሽን ጽፌያለሁ፤ ግን አልላክሁትም። የጣቱን ባለቤት ጠይቂው። እሱ ሳይሰማው አይሄድም።»

ጋሽ መኩሪያ የመጨረሻው ቀን የመጨረሻው ሕመምተኛ ነበሩ። አዲሱ ጫማቸው ደርሶ ሊወስዱት መጡ። እንግዲህ ያኔ ነው ስልኩን አምጪ ያሉኝ።

«ስልኩ ተነቅሏል፤ ክሊኒኩ እየተዘጋ ነው» አልኳቸው በመጨረሻ። «እኔም ከዛሬ ወዲያ እዚህ አልሠራም። እንደ ልጅዎ ያነጋግሩኝ፤ ካልሆነም ይስደቡኝ።»

ጋሽ መኩሪያ ወደ አጽሙ አዩ፤ ከዚያ ወደ ወረቀቱ።

«አንብቢልኝ። በአማርኛ።»

ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። በአማርኛ ስሰማው ራሴን ደነቀኝ፤ ሁሉ ነገር እኔ ነበር። እኔ አየሁ፣ እኔ ተረጎምኩ፣ እኔ ተጸጸትኩ። ስጨርስ ጋሽ መኩሪያ ወረቀቱን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«ቄሱስ?»

«የቱ ቄስ?»

«ጃንጥላ ይዘው የወጡት። በበዓሉ ቀን፣ ቅዳሴው ሳይጀመር፣ ራሳቸው አባ ወጥተው 'መኩሪያ፣ ሕመምተኛ ነህ፣ ግባ' ብለውኛል። ሰዉ ሁሉ ሰምቷል። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«አላወቅሁም፣ ጋሼ። ለምን እምቢ አሉ?»

«ተጫምቼ ገብቼ አላውቅማ! በሕመሜ አሳብቤ አልጀምርም ብዬ ነዋ።» ድምፃቸው ከፍ አለ። «አንቺ ተናገርሽ፣ ዶክተሯ ጀሶ አደረገች፣ ዝናብ ዘነበ፣ ጣት ተቆረጠች። እኔ የት ነበርኩ? ጽሑፍሽ ውስጥ እኮ እግር ብቻ ነኝ! ጣቷ የኔ ናት፣ ልጄ። አንድ ጊዜ ሐኪሞቹ ወሰዷት፤ አሁን ደሞ አንቺ ጥፋቴ ናት ብለሽ ልትወስጃት?»

 የተሸከምኩትን ነገር ሰው ከትከሻዬ ላይ ሲያነሳልኝ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስ አላለኝም፤ ተቀማሁ መሰለኝ።

«ታዲያ ልተወው?»

«ማን ተይው አለሽ? ጻፊው። ሰውየው እምቢ አለ ብለሽ ግን ጻፊ። እኔንም አስገቢኝ።» ቀኝ ጫማቸውን ራሳቸው መፍታት ጀመሩ። «በይ አሁን ሥራሽን ሥሪ። ሁለቱንም አይደል የምታስወልቁት?»

ከሆስፒታሉ ወዲህ በቀጥታ ያዘዙኝ የመጀመሪያው ነገር ነው። የዶክተር ኖዳን በርጩማ ስቤ ዝቅ ብዬ ተቀመጥኩ፤ እጄን አሸሁ፤ አሮጌውን ጫማ ዳሰስኩ። ውስጡ አንድ ጥግ ላይ ርጥብ ነበር።

«ትናንት የት ቆሙ?»

ጋሽ መኩሪያ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«ውጭ።»

«ውጭ? ጀሶው ከወለቀ ስንት ጊዜው! ጫማ ማውለቅ ይችላሉ እኮ አሁን።»

«ዶክተሯ ዳግመኛ በባዶ እግርህ እንዳትቆም አላለችም? አንቺው ነሽ የተረጎምሽው።»

ብያለሁ። አንድም ቃል አላጎደልኩም ነበር። ታዝዘውን ነበር ሰውየው፤ ታዝዘውን ይህን ሁሉ ጊዜ ፓርኪንግ ሎቱ ላይ ቆመው ነበር።

አዲሱን ጫማ ከሣጥኑ አወጣሁ፣ ውስጡን ዳሰስኩ፣ የጎደለው ጣት ቦታ ላይ የገባውን ለስላሳ መሙያ አስተካከልኩ፣ አጠለቅኩላቸው። ማሰሪያውን አስሬ እግራቸውን ወደ ወለሉ ላወርድ ስል ጉልበታቸውን ወደ ላይ ሳቡት።

«ቆይ! ይሄ ጫማ መሬት ነክቷል?»

«አልነካም። ገና ከሣጥን መውጣቱ ነው።»

«አታስነኪው።»

እግራቸው አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ተያየን። ምን እንዳሰቡ ገባኝ። ሳይራመዱበት መልቀቅ ደግሞ አልችልም፤ የማይሰማ እግር ያልተሞከረ ጫማ ይዞ ቢሄድ ሌላ ቁስል ነው። ደግሞ በየትኛው በኩል ልያዘው ብዬ ቆምኩ። ከዚያ ከሕመምተኛው ወንበር ራስጌ የተጠቀለለውን ነጭ ወረቀት አየሁት፤ ለእያንዳንዱ ሰው የምናነጥፈውን፣ ከዛሬ በኋላ ማንም የማይፈልገውን። ጎተትኩት። ከወንበሩ እስከ በሩ አነጠፍኩት፤ ጫፉን በፕላስተር ያዝኩት።

«ንጹሕ ነው?» አሉ ጋሽ መኩሪያ።

«ማንም አልረገጠውም።»

ወረዱ። ወረቀቱ ከሥራቸው እየተንሿሿ እስከ በሩ ሄዱ፣ ዞሩ፣ ተመለሱ። እኔ ተረከዛቸውን አየሁ፣ ቁርጭምጭሚታቸውን አየሁ፣ ደግመው እንዲሄዱ ነገርኳቸው። ደገሙ። አወለቅኩ፤ ካልሲውን ገለጥኩ፤ የቀላ ቦታ የለም። ጋሽ መኩሪያ አዲሱን ጫማ ራሳቸው ሣጥኑ ውስጥ መለሱትና አሮጌውን አደረጉ።

«አባን እጠይቃለሁ» አሉ በዝቅታ። «የውስጥ ብቻ ነው፣ ደጅ አይወጣም፣ አፈር አያውቅም እላቸዋለሁ። አይሆንም ካሉ አይሆንም። ይህችን ደግሞ አትተርጉሚ።»

ሣጥኑን በብብታቸው ያዙ። ዶክተር ኖዳ ፕላስተሩን እንደያዙ ብቅ ሲሉ ጋሽ መኩሪያ መተላለፊያው ላይ ደርሰው ባርኔጣቸውን ነካ አደረጉላቸውና አለፉ።

«ፈቀደ?» አሉኝ ዶክተር ኖዳ።

«ፈቅደዋል። እሳቸውም እንዲገቡበት አድርጌ እንደ አዲስ እጽፈዋለሁ።»

ዶክተር ኖዳ ወለሉ ላይ የተዘረጋውን ነጭ ወረቀት አዩ። ከዚያ በአሮጌ ጫማቸው ወደ ውጭው በር የሚሄዱትን ሰውዬ አዩ።

«ጫማው ልኩ አይደለም እንዴ? ለምን አሮጌውን አድርጎ ይሄዳል? ምን አለ?»

አፌን ከፈትኩ። ጋሽ መኩሪያ ሣጥኑን ከዝናቡ በኮታቸው ሸፍነው በትከሻቸው የውጭውን በር ገፉና ወጡ፤ በሩ በራሱ ጊዜ፣ ቀስ ብሎ፣ ተዘጋ።